ይሰማል?

ከፍራንኮ ጀርባ፣ ከጎማ ቤቱ አጠገብ፣
ስፋቷ ከፍራሽ የማይበልጥ ሱቅ ነበረች፤
ግንባሯ ላይ በቀይ ቀለም
«ሞንታርቦ እንጠግናለን» ትላለች።
«እን» የተባልነው እኔና ጋሽ በዳሳ ነን።

ጠረጴዛው ላይ የሦስት ቤት አፍ ተኝቷል፤
የማርያም ጥሩንባ፣ ንፋስ ከንፈሩን ሰንጥቆታል፤
የመስጊዱ ማጉያ፣ አቧራ ጉሮሮውን ዘግቶታል፤
የጸሎት ቤቱ ሳጥን
ባስ በዝቶበት ሆዱ ተቀዷል።

ሒሳቡ በደብተር ነው፣ በእርሳስ፦
ዲያቆን ይትባረክ፣ አንድ ትራንስፎርመር፣ እስከ ንግሥ በዱቤ፤
ሙአዚኑ ቡሽራ፣ ከፈለ፣ ተምርም ጨመረልን፤
ወንጌላዊ ዳንጊሶ፣ ግማሹን ከፈለ፣
በቀረው ጸለየልን።

እዚህ ከተማ ንፋስ ሥራ አይፈታም።
ሌላው ዘንድ ፍሬን ከገለባ ይለያል፤
የኛው ግን አዛንን ከቅዳሴ፣ ቅዳሴን ከሃሌ ሉያ
ቀላቅሎ፣ ደምበላ ጓሮ፣ ልብስ ማስጫ ላይ ይጥላል።
የጅቡቲ መስመር ሹፌር፣ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ፣
ትራሱን ጆሮው ላይ ደፍቶ
ሦስቱንም እኩል ይራገማል።

ጋሽ በዳሳ አይሰማም።
ሠላሳ ዓመት ጆሮውን ጥሩንባ አፍ ላይ ደግኖ፣
«አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» ሲል፣ ሲል፣
መስማቱ እንደ ፊውዝ ተቃጠለ።
አሁን የሚፈትነው በመዳፉ ነው፤
የሞንታርቦውን ደረት እንደ ሐኪም ዳስሶ፣
ሲንቀጠቀጥለት «ድኗል» ይላል፣
ዝም ሲለው፣ ዝም አለ።
ጁምዓም እሑድም ሱቁን አይዘጋም፤
«ኧረ አንተ የየትኛው ነህ?» ያሉት እንደሆነ
«የጥገናው» ብሎ ብየዳውን ቀጠለ።

በሰኔ፣ አንድ ንጋት፣ መብራት ሄደ።
(ኮረብታው ላይ እነዚያ ነጫጭ ምሰሶዎች
ንፋሱን ሲፈጩ ነው የሚያድሩት፤
ዱቄቱን ማን እንደሚበላው ግን እንጃ።)
ያደርኩት ሱቁ ውስጥ ነበር፣ ጥቅል ሽቦ ተንተርሼ።
መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነው።
የቡሽራ ሳል። ለካስ አርጅቷል!
ስንት ዓመት ድምፁን ስጠግን
ጉሮሮውን አላውቀውም ነበር።
አዛኑ አጥሩን ተሻገረና
ጎማ ቤቱ ጋ ሲደርስ ደክሞት ቆመ።
ከማርያም በኩል ቃጭል፤ ቀጥሎ አንድ ቄስ፣
ዜማ ስቶ፣ ተመልሶ፣ ለብቻው ያረመ።
ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ፣ ቁልፉ ገና ሳይከፈት፣
ደረጃው ላይ ቁጭ ያለች አንዲት ሴት
የቤት ኪራይ ቀን እንዲገፋላት ትለምናለች፤
አጠገቧ ለተቀመጠ ዘመድ እንደምትነግር፣
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«እባክህ፣ እስከ ሐሙስ» ትላለች።

ጋሽ በዳሳ መጣ፣ ጋቢውን ንፋስ እየጎተተበት።
መብራት መሄዱን ያወቀው ከጠረጴዛው ነው፤
ነካው፣ አይንቀጠቀጥም።
«ዛሬ ምን አሉ?» አለኝ፣ ዓይኑን ከንፈሬ ላይ ተክሎ።
ምን ልበለው? ሳል? የሳተ ዜማ? እስከ ሐሙስ?
እጁን ያዝኩና መዳፉን ደረቴ ላይ አኖርኩ፤
የሰማሁትን በሰማሁት ልክ፣
በዝቅታ፣ አንድ በአንድ ደገምኩ።
ሳሉንም ጭምር።
ብዙ ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ መብራት መጣ።
ሦስቱም ባንዴ ጮኹ፤
ጣሳ ውስጥ ያለው ብሎን ሁሉ ዘለለ፤
ከወዲያ ማዶ ሹፌሩ ተራገመ።
ጋሽ በዳሳ መፍቻውን አነሳ፣ አንዱን ሳጥን አሰረ፣
ገመዱን ሰካ፤
ማይኩን አፉ ጋ አስጠግቶ፣
የሱቁን ቀዳዳ ጣሪያ ቀና ብሎ እያየ፣
«አንድ፣ ሁለት» አለ።
«ይሰማል?»