አንድ እግር ወደ ፊት

ጠባሴ፣ ከጓሮዬ፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ ከሣር፣
ቄቧን ዶሮ አገኘኋት፣ ተዘርግታ ካጥሩ ዳር።
አንድ እግሯ ወደ ኋላ፣ አንድ እግሯ ወደ ፊት፣
ልክ እንደሚሄድ ሰው፣ ስሙን ጠርተው እንዳቆሙት።

ሸዋነሽ ካጥሩ ማዶ አንገቷን አስግጋ አይታ፣
"ፈንግል ነው" አለችኝ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አጥፍታ።
ፈንግልስ አይመስልም፤ ፈንግል ቢሆንማ፣
አንገት ይጠመዝዛል፣ መንደር ያራግፋል ባንድ ጨለማ።
ጋሽ ዘርጋው ደግሞ፣ "ከገበያ ነው የመጣው ጣጣ፤
ጅማቷ ተበጥሷል፣ በገመድ ተዘቅዝቃ ስትመጣ።"
ሚስቴ እልፍነሽ ምንም አላለች፤ ቢላዋውን አየች፣
ከዚያ ቀኑን ቆጠረችና፣ "ጾም ነው" ብላ ተወች።

ትርሲት ከእንስሳት ክሊኒክ መጣች፣ ቦርሳዋን አንግታ፣
ዶሮዋን ጭኗ ላይ አስተኛች፣ የታጠፉ ጣቶቿን ፈታታ።
"ምን ታበላታለህ?" "ፍሩሽካ፣ የጠላ አተላ።"
"ሌላስ?" "ትራፊ እንጀራ።" "ሌላ?" "የለም ሌላ።"
"በተፈለፈለች ዕለት ተከትባ ነበር ወይ?" አለችኝ።
"በአርባ አምስት ቀኗ ነው የገዛኋት" ብላት፣ ዝም ብላ አየችኝ።
"የነርቭ ደዌ አለ፣ ከላባ ብናኝ በትንፋሽ የሚገባ፤
ክትባቱ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ዛሬ ቢወጓት አይረባ።
ወይ ደግሞ ምግብ ጎድሏት ይሆናል፤ እሱ ከሆነ ትድናለች።
የትኛው እንደሆነ፣ ሆዷ ሳይከፈት ማን ያውቃል?" አለች።
ቢጫ ዱቄት በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታኝ ሄደች።

እኔ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሌሊት ዘበኛ ነኝ፤
ሃያ ሦስት ዓመት ቆሜ አደርኩ፣ መቆም ቀላል መስሎኝ።

የማዳበሪያ ከረጢት ቀደድኩ፣ ለእግሮቿ ሁለት ቀዳዳ፣
ከጥበቃ ጎጆዬ ምሰሶ አንጠለጠልኳት፣ የእግዜር እንግዳ።
ጎመን ከተፍኩላት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አወጣኋት።
ቢጫውን ዱቄት በጥብጬ፣ በማንኪያ አጠጣኋት።
የእንቁላል ቅርፊት በጾም ከየት? ከሰይድ ሻይ ቤት ለመንኩ፤
የመጀመሪያውን ቀን አፈርኩ፣ ሁለተኛውን ለመድኩ።

እልፍነሽ፣ "ለሰው እንኳ እንዲህ አታደርግ" አለች። እውነቷን ነው።

ለደብረ ዘይት እሑድ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ጣቴን ከመዳፏ ሥር ሰደድኩ፣ እንደ ልማድ።
አልቆመችም።
አንዱ እግሯ ዛሬም ወደ ፊት ነው፣ አንዱም ወደ ኋላ።
ግን ጣቴን ያዘችው፣
በዚያ በደካማ ጥፍሯ፣ ቆጥ መስሏት።
እጄ ደነዘዘ። የቀን ተረኛው በሩን መታ።
አልነሣኋት።