የመስኮት ዋጋ

ኖርያንግጂን ሰፈር፣ ከዓሣ ገበያው ማዶ፣
አርባ ሁለት ክፍል በአንድ ፎቅ ተማግዶ፤
ሰው ከሰው ሲገናኝ በኮሪደሩ መሃል
አንዱ ጎኑን ሰጥቶ ሌላውን ያሳልፋል።
እጄን ብዘረጋ ግራ ቀኙ ግንብ ነው፣
እግሬን ከጠረጴዛ ሥር ሰድጄ ነው የማድረው።

በጋራው ኩሽና ሩዝና ኪምቺ ነጻ፤
ለእንቁላል ግን ሕግ ወጣ፤
«ለአንድ ሰው አንድ ብቻ» የሚል ተለጥፏል፣
ከሥሩ አንድ ቀልደኛ «ዶሮዋስ?» ብሎ ጽፏል።

እዚህ ቤት መስኮት ማለት ኪራይ ነው ለብቻው፤
በየወሩ አምሳ ሺ ዎን ነው የጭማሪው ዋጋው።
እኔ ዐሥራ ሁለት ቁጥር፣ መስኮት ያለኝ ጌታ፣
(አባቴ ነው ከፋዩ፣ ፈተናውን እስክረታ፤
ሦስቴ ወድቄያለሁ፤ እሱን እንለፈው።)
መስኮቴም ቢሆን እንጂ ሰማይ አይደል ያቀፈው፤
የማቀዝቀዣ ጀርባ፣ የጎረቤት ቧንቧ፣
ከላይ የጫማ ሳጥን የምታህል ደመና።

ዐሥራ አንድ ቁጥር ግን አራቱም ጎን ዕውር ነው።
እዚያ ማልሱን አለች፤ ሃምሳ ስምንት ነው ዕድሜዋ፣
በሌሊት ገበያ የዓሣ ሣጥን ማጠብ ሥራዋ።
ቀዳዳ ጓንቷን በብስክሌት ሙጫ ትደፍናለች፤
አንድ የገብስ ሻይ ከረጢት ሦስት ቀን ታቆያለች፤
እኔ ማታ ማታ ኮምፒውተር ቤት ገብቼ
የሷን የሁለት ቀን ምሳ በሰዓት በልቼ
ስመለስ፣ እሷ ስትወጣ እንተላለፋለን፣
ጎን ለጎን፣ እንደ ደንቡ።

በባንክ ደብተሯ ጀርባ በእስክሪብቶ ጽፋለች፦
«መስኮት»።
በየወሩ አንድ ቀን፣ ላልያዘችው መስኮት
አምሳ ሺ ዎን ትከፍላለች፤ ተቀባይዋም እሷው ናት።

«ግድግዳ ጆሮ አለው» ሲባል ሰምቻለሁ፤
ዓይን እንዳለው ግን ከሷ ተምሬያለሁ።
አንድ ሌሊት ልትወጣ ስትል ግንቡን መታች፤
«ተማሪው፣ ሰማዩ እንዴት ነው?» አለች።
«ዝናብ ነው፣ እትዬ።»
ጃንጥላዋ ከምስማሩ ሲወርድ ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲያ ተስማማን፤ ሌሊት መጮኽ ነውርና፣
አንድ ኳ፦ ጠርቷል፤ ሁለት ኳ፦ ደመና፤
ሦስት ኳ፦ ዝናብ ነው። ለበረዶ ምልክት ግን
ግንቡን በመዳፌ ዳበስኩት። ሰምታኝ ይሆን?

ሠላሳ አንድ ወር እንዲህ። አንድ ሰኞ ጧት ማልሱን
ሁለት ሻንጣ ይዛ ቆመች፣ ለብሳ የክት ካፖርቷን።
ማስያዣው ሞልቶላታል፤ «ክፍሉ ጣሪያ ላይ ነው፣
ሙቀቱ እሳት ነው አሉ፣ ብርዱም ድንጋይ ነው፤
ግን መስኮት አለው፣ አራት!»
አራት ጣት ዘረጋች፤ አውራ ጣቷን ግን አጠፈች፣
እሱንም ለክፉ ቀን የምትቆጥብ መሰለች።

ፖስታ በእጄ አኑራ ደረጃውን ወረደች።
ውስጡ አምሳ ሺ ዎን፣ ከቁራጭ ወረቀት ጋር፦
«በአንተ ዓይን ላየሁበት፣ የአንድ ወር መስኮት ኪራይ።
ሌላውን ግን አልከፍልም፤
ሁለት ቀን ዋሽተኸኛል፣ በስብሻለሁ፣ ዋይ!»

በወሩ መጨረሻ ባለቤቷን ጠራሁ፣
ቁልፍ አስለውጬ ዐሥራ አንድ ቁጥር ገባሁ።
ለአባቴ ነገርኩት፤ በስልክ ዝም ብሎ ቆየና፣
«ልጅ ሳለህ ጨለማ ትፈራ ነበር» አለና
ዘጋው።

አሁን ጧት ነው፣ ወይም ይመስለኛል።
ዐሥራ ሁለት ቁጥር አዲስ ልጅ ገብቷል።
ግንቡን ቆረቆርኩ። «ምን ፈለግህ?» አለ፣ በቁጣ።
«ውጭው እንዴት ነው?» አልኩት።
መልስ የለም። አልጋው ሲንቋቋ፣
ቀጥሎ መጋረጃ ሲሳብ ሰማሁ፤
ሲከፈት ይሁን ሲዘጋ
ከዚህ ሆኖ አይለይም።