ውሃ ልክ

ዕቁብ ወጣልህ አሉ፤ ወሬው ካንተ ቀድሞ ጠባሴ ገባ፤
ደላላ ሁሉ ዛሬ «ወንድሜ» ይልሃል፣ ነገ «ጋሼ»፣ ከነገ ወዲያ «አባባ»።
ማንያዘዋል፣ ጠጋ በል፤ ከጣሪያው ሥር፣ ድንጋዩ ላይ፤ ወንበሩን ሰው ወስዶታል፤
የግንበኛ ቤት እንዲህ ነው፤ የሰው ሲያቆም የራሱ ይጎድልበታል።

ገንዘብ እጅ ላይ ሲሞቅ እግር ያሳክካል፤
አውቀዋለሁ፤ እኔም ላይ ደርሷል።
የጨረቃ ቤት አቆምኩ በአንድ ሌሊት፣
በሦስት ምስክር ፊርማ፣ በአንዲት ቅጠል ወረቀት።
ጭቃው ገና ሳይደርቅ ዶዘሩ ከተፍ አለ፤
ቆርቆሮዬን እንድነቅል ግማሽ ቀን ሰጡኝ፤ ባለመሬቱስ የት አለ?
ብሩን ይዞ፣ ስልኩን ዘግቶ፣ መንዝ ሠርግ ሄዷል ተባለ።

እና ስማኝ። መሬት በበጋ አይታይም፤
በበጋ ሜዳው ሁሉ ሙሽራ ነው፣ ነውሩን አያወጣም።
በነሐሴ፣ ቦቲህን አጥልቀህ፣ በሬሳ ሲሞላ ሂድ፤
መሐሉ ላይ ቆመህ እይ፣ ውሃው የሚመርጠውን መንገድ።
ውሃ ደላላ የለውም፤ የሚያውቀውን ይናገራል፤
ዛሬ በጣትህ መሐል ካለፈ፣ ከርሞ ሳሎንህ ያድራል።

ካርታ ስላሳየህ አትሳቅለት፤
ማዘጋጃ ሂድና መዝገቡን አስከፍት።
እግድ አለበት? ባንክ ይዞታል? የሊዝ ዕዳው ስንት ቀረ?
ጸሐፊዋ ብትቆጣም ጠይቅ፤ በቁጣ ማን ከሠረ?

ጎረቤትም ጠይቅ። አጥር ላይ ልብስ የምታሰጣዋን፣
ሻጩ የማይነግርህን የምታውቀዋን።
የሸዋንግዛው ቤት ተሸጦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ
ከቤይሩት አንዲት ልጅ መጣች፣ ሻንጣዋን ግቢው ላይ ጥላ፤
«የአባቴ ነው» አለች።
አልዋሸችም።
ገዢውም አልዋሸም።
ዛሬም ፍርድ ቤት ናቸው፤ ግንቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፣
የመጨረሻውን ሂሳብ እስካሁን የከፈለኝ የለኝ።

ሂሳቡን በእርሳስ ሥራ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ።
አራት ክፍል አከራያለሁ ካልክ፣ ሦስቱን ብቻ አስገባ፤
አንዱ ምንጊዜም ባዶ ነው፣ ወይም ሰውየው ሥራ ፈቷል።
ከሦስቱም ቀንስ፤ ለግብር፣ ለቆጣሪ፣ ለሽንት ቤቱ መምጠጫ፤
የተረፈው ነው ያንተ፤ እሱ ካነሰህ አትግባ፣ አታገኝም መውጫ።

ለቀለም አትቸኩል፤ ይህ ደብረ ብርሃን ነው፣
የኅዳር ውርጭ ልስን እንደ ድንች ልጣጭ የሚያነሣው።
መጀመሪያ ለመሠረቱ፣ ቀጥሎ ለጣሪያው ክፈል፤
የበሩ ጌጥ ይቆይ፤ በጌጥ ዝናብ አይከለል።

ተከራይህ ከፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ የምትገባ ናት፤
መብራቱን በሦስት ሰዓት አታጥፋባት።
በየሦስት ወሩ ኪራይ የሚቆልል ሰው አውቃለሁ፤
ቁልፍ በወገቡ ይንሿሿል፣ ክፍሎቹን ግን ባዶ አያቸዋለሁ።

ይህቺን ያዝ። ውሃ ልኬ ናት። መስታወቷ በአንድ ጎን ተሰንጥቋል፣
አረፋዋ ግን ዛሬም መሐሏን ታውቃለች።
ግድግዳ ላይ ብቻ አይደለም፤
ሰው ሲናገርህም በልብህ አጋድማት፣ ወዴት ታዘነብላለች?

ምነው ዝም አልክ?

ማንያዘዋል።
ቀብድ ሰጥተሃል?

ስንት?
ለማን? ለወርቅአገኘሁ?
ለዚያ ለባለ ሁለት ስልኩ?

…እሺ። አትንቀጥቀጥ። የሰው ልጅ ቀብዱን ቢያጣ
ቤቱን ከማጣት ይሻላል፤ ይህንንም በኪሳራ ነው የተማርኩት፣ በቁጣ።
ደግነቱ ነሐሴ ነው፤ ዝናቡም ገና አላባራ፤
ቦቲዬ ላንተ ይሰፋሃል፣ ካልሲ ደርብበት፤ እኔ በጫማዬ ልሞክራ።
ተነሣ፤ ቦታውን አሳየኝ።
ከወርቅአገኘሁ በፊት ውሃውን እናናግራለን።