ተከፍሏል

ሐምሌ ገባ።
ከፖስታ ቤት ማዶ፣ ቸርችል ቁልቁለት ላይ፣
ዝናቡ ቆርቆሮን ሲደበድብ ከላይ፣
ጎማ እቆርጣለሁ፣ ፊደል እቀርጻለሁ፤
የሌላውን ሥልጣን በምላጭ አበጃለሁ።
ሥራ አስኪያጅ ሲሻር፣ ማኅተም ሲቀየር፣
እኔ ቀድሜ እሰማለሁ፣ ኋላ ይሰማል አገር።

ትርሲት፣ ልጄ፣ ሰንጋ ተራ ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ናት፤
የምትማረው ሒሳብ ነው፣ ክፍያው ግን ሒሳብ የለው፣ ይወጣል በየወራት።
እናቷ ወይንሸት፣ ጥቁር አንበሳ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣
ደመወዟ እጇ ሳይገባ ግብሩ ተቆርጦ ሲጎድል፣
«እኔስ ሳልጠየቅ እከፍላለሁ፤ አንተ ትጠየቃለህ።
ገማቾች ሲመጡ ምን ትላለህ?»

ደምረው ፎቶ ኮፒ ጃንጥላውን ሳያጥፍ ገባ፦
«ያቺን አዲሷን ማሽን በጨርቅ ሸፍናት፤
ገበያ የለም በል፤ ልጅ አለችህ፣ እዘንላት።
የምታተርፈው የአንድ ተርም ክፍያ ነው» አለኝ።
ቆጠርኩት። ልክ ነው። እሱ ነው የከበደኝ።

ማታ ትርሲት ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፤
ኪራይ ስንት፣ መብራት ስንት፣ ሁሉንም አነበበች።
ጣቴን ይዤ ወረድኩ። ቀለምና ጎማ አለ፤
«ለልጄ የምከፍለው ቦታው የታለ?»
«አባዬ» አለችኝ፣ እስክሪብቶዋን እየነከሰች፣
«እኔ የለሁበትም» ብላ እየሳቀች።
«መምህራችን ሲያወራ፣ ሌላ አገር ልጅ ላስተማረ ይታሰብለታል።»
«እዚህስ?»
«እዚህማ ምርቃት ይታሰብልሃል።»

ማክሰኞ መጡ።
ሁለት ናቸው። የሴትየዋ ጫማ በስብሷል፤
ሰውየው መዝገቡን በፌስታል ጠቅልሏል።
ማሽኗ ላይ ጨርቅ አለ። እኔው ነኝ ያለበስኳት፤
ጠዋት ላንሣላት ብዬም የተውኳት።
ትርሲት በርጩማ ላይ ደብተሯን ይዛለች፤
«ግብር ስወራ» ይላል ርእሱ፣ ነገ ትፈተናለች።

«በቀን ስንት ትሸጣለህ?»
አፌን ከፈትኩ።
ደምረው በመስታወቱ ያየኛል።
ልጄ ቀና አላለችም። ገጽ ብቻ ገለጠች።
እንዲያ ያለ የወረቀት ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ጨርቁን ሳብኩት።
«ይቺም አለች» አልኩ፤ የምታስገባውን ነገርኳቸው፤
ከልቤ አይደለም፣ ከጆሮዬ ነው ያወጣሁላቸው።

ሰውየው ጻፈ። ጻፈ። ቀና ብሎም አያት።
«ይህችስ?»
«ልጄ ናት።»
«ትረዳሃለች?»
«ከክፍል ስትወጣ፣ አልፎ አልፎ።» ይህን ስለው
«ሠራተኛ፦ አንድ» ብሎ ጻፈ፤
ግምቱም በዚያው ልክ ገዘፈ።

ሳቅሁ። ምን ላድርግ?
ከቅጹ ላይ ስፈልጋት ያጣኋት፣
በአንዲት መስመር ተቀምጣ አገኘኋት፤
ተቀናሽ ሳትሆን፣ ጭማሪ ሆና።
ትርሲት ይግባኝ እንበል አለች፤ አንቀጹን ታውቃለች።
ወይንሸት ሽንኩርት እየከተፈች፣
«ጭማሪ አሉ?
ከተወለደች ጀምሮ ጭማሪ ናት እኮ፣ ይበሉ።»

ከፈልኩ፣ ሦስት ሰዓት ተሰልፌ፤
ሰንጋ ተራም በእግሬ ወረድኩ፣ ታክሲውን አልፌ።
ለኮሌጁ ግማሹን ሰጠሁ፤
የቀረውን ለመስከረም ብዬ ፈረምኩ።
ገንዘብ ያዥዋ ደረሰኙን መታችው። ሰማያዊ ቀለም።
ማኅተም ግማሽ አያውቅም፤
«ተከፍሏል» ይላል።
የ«ሏ» እግር ጠመም ብላለች፤
ከዓመታት በፊት ምላጭ ያዳለጠኝ ለታ የቀረጽኳት።
ገንዘብ ያዥዋ እስካሁን አላየችም፤
እኔም አልነገርኳት።