የክር ልክ

እቁቡ ደረሰኝ ሐምሌ መባቻ ላይ፤
የባጃጄን ጎማ ማለቁን እንዳላይ
ፊቴን አዙሬ፣
ብሩን በመሐረብ አጥብቄ ቋጥሬ፣
ሐረጎን ወጣሁት ጭጋግ እየጠጣሁ፤
ደሴ ፒያሳ ላይ፣ ወርቅ ቤት ደጅ መጣሁ።

ጋሽ ይመር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
«ለማን ነው?» አለኝ ሚዛኑን አስተካክሎ።
«ለሉባባ» አልሁት፣
አብሯት እንዳደገ፣ ስሟን ብቻ ሰጠሁት።
«ስም አይለካም ልጄ፤ ቁጥሯ ስንት ነው?» አለ።
እኔ ዘንድ ከቁጥር የስልኳ ብቻ አለ።

ሦስት ዓመት ከፋብሪካው በር ስትወጣ ስጭናት፣
ሒሳብ ስትሰጠኝ፣ መልስ ስሰጣት፣
መዳፏን አውቃለሁ፤ ሙቀቱን፣ ሻካራውን፤
ለክቼ አላውቅም ግን ያን አራተኛውን።

ወንድሜ በስልኩ ፊልም አሳይቶኛል፤
ሰውየው ውሃ ዳር በአንድ ጉልበት ይወድቃል፣
ሴቲቱ ታለቅሳለች፣ ሰዉ ያጨበጭባል።
እናቴ ከጓዳ፦ «ምነው ልጄ ምነው?
ለሴት ሽማግሌ ነው፤ ጉልበት ለአላህ ነው።»

አንድ ሌሊት ፈረቃ ስትወጣ በካፊያ፣
ከኋላ ወንበር ላይ አሸለበች ደክማ፤
የባጃጁን ሸራ ዝናብ ሲደበድበው እንኳ የማትሰማ።
ጋወኗ እጅጌ ላይ ሰማያዊ ክር አለ፣
ከሽመናው ማሽን ተከትሏት የዋለ።
መዘዝሁት በቀስታ ትንፋሼን አፍኜ፣
ጣቷ ላይ አዞርሁት ጭቃው ላይ ሆኜ፣
በአንድ ጉልበቴ።
(ያኔማ ረሳሁት ያለችኝን እናቴ።)

የጣቷ አንጓ አብጧል፤ ከማሽን ጋር ይውላል።
አንጓውን ያለፈው ከሥሩ ይላላል፤
ሥሩን የመጠነው አንጓው ላይ ይቀራል።
በየትኛው ልቁረጥ?
መሐሉን ቆረጥሁት። ክሩን ኪሴ ከተትሁ።
ስህተቴም ይኸው ነው፤ ሱሪው ውስጥ ረሳሁ።

እናቴ ሱሪውን በፍል ውሃ አጠበች፤
ክሯ፣ ጥጥ ናትና፣
እንዳፈረች ሙሽራ ተሰበሰበች።
ይህን ጋሽ ይመርም፣ እኔም አላወቅን፤
ሦስቱን ግራም ወርቅ በእሷው ልክ ጨረስን።

እሑድ ሐይቅ ወረድን። አሣ ጥብስ አዘዝን።
ታንኳ የሚከራይ ልጅ ሁለቴ ጠየቀን።
ቀለበቱን ሳወጣ ንግግሬ ጠፋ፤
ሳምንት ያጠናሁት በአንድ ትንፋሽ ተደፋ።
ጣቷን ሰጠችኝ።
አንጓዋ ጋ ሲደርስ ቀለበቱ ቆመ፤
የሐይቁ ሰማይና የእኔ ፊት ጠየመ።

የአሣውን ቅባት በሶፍት ጠራርጋ
ሳቀችብኝ፣ እንባዋ እስኪመጣ፦
«ለካኸው፣ ለካኸው፣ እንዲህ ጠበበብህ?»
«ያን ሌሊት… ነቅተሽ ነበር?»
«ጣቴን ቀጥ አድርጌ
የያዝሁልህ እኔ፣ ዐይኔን ጭፍን አርጌ።
ደግሞም የኛ ማሽን ቀለበት አይወድም፤
ነፊሳን ታውቃታለህ? ያቺ ጣቷ የለችም።
ወርቁን በክር አሥሬ አንገቴ ላይ አውለዋለሁ፤
አባቴን ግን በሰው አስጠይቅ። እጠብቃለሁ።»

የነሐሴ ቅዳሜ፣ ገና ሳይነጋ፣
ሼህ እንድሪስ ቀድመው ወጡ ከነከዘራቸው፤
አያ አራጋው ጾም ላይ ናቸው፣
«ምሳ ካቀረቡ አንተ ብላልኝ» ይላሉ፤
ሦስተኛው አጎቴ፣ ጃንጥላው አይዘጋም፣
በእኔ ባጃጅ ውስጥ ተጠጋግተው አሉ።

ቦርከናን ተሻግረን፣ ከደጃፏ በታች፣
ዳገቱ መሐል ላይ፣ ያ ያልገዛሁት ጎማ
አንዴ ፉት አለና ተኛ ጭቃው ላይ።
ሽማግሌዎቹ ወረዱ። ገፉ።
ነጭ ጋቢያቸውን እስከ ወገብ ሰብስበው፣
«በል በል፣ በርታ!» እያሉ፣ ዱዓውን አስቀድመው።

ቀና ስል አባቷ በር ላይ ቆመዋል፤
ጭቃውን፣ ጋቢውን፣ ጎማውን አይተዋል።
«ልጅ ልትጠይቁኝ ነው፣ ወይስ ገመድ?» አሉ።
ከኋላቸው በመስኮት፣
ሰማያዊ ክር አንገቷ ላይ ያለ
አንድ ሰው ይስቃል።