ስም የማይዝ ሠንጠረዥ

ከወደቡ ጀርባ፣ ከዓሣ ማኅበሩ ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣
ማራገቢያው ሲያቃስት፣ መስኮቱ ለሐይቁ ነፋስ እጁን ሲሰጥ፣
የአባላቱን መዝገብ ከፈትኩ፤ ሰው የለም።
ክብደቱ ደኅና ነው፣ ቀኑም አልጠፋም፤
አሥራ ሁለት ኪሎ፣ ሰባት ኪሎ ተኩል፣
ስም በሚጻፍበት ግን፣ ከላይ እስከ ታች እኩል፦

????? ???

ቆረሶው፣ አምባዛው፣ አስጋሪው፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሆነው፣
ማን ማንን እንዳጠመደ ማን ይወቀው?

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልዋሽም።
አምና በክረምት ሞዴሉን ስጽፍ ብዙ አልተጨነቅሁም፤
አስተርጓሚ አለ ብዬ፣ በኮዴና በዳታቤዙ መሃል፣
እኔ ዕቃ ስለው እሱ ሠንጠረዥ ይላል።
«ሠንጠረዡ በምን ይፈጠር?» የሚለውን ባዶ ተውኩት፤
አሮጌው ሰርቨርም የለመደውን ላቲን ሞላበት።

ዛሬ ከሞዴሉ ግርጌ ጥቂት መስመር ጨመርኩ፤
የፊደሉን ዓይነት፣ የአደራደሩን ሕግ፣ ኢንጂኑንም ጠራሁ።
ማብራሪያም አከልኩ፦ «የጣና አስጋሪዎች፣ ስማቸው በፊደላቸው»።
አስቀመጥኩ፤ አስነሳሁ፤ አየሁ፤ ያው ናቸው።

ለካ ይህ አዋጅ ለሚወለድ እንጂ ለተወለደ አይሠራም፤
የቆመ ሠንጠረዥ በሞዴል ምኞት አይታደስም።
ማሻገሪያ ጻፍኩለት፣ እንደ ታንኳ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ዳር፤
ተሻገረ። ጥያቄዎቹም አብረው ተሻገሩ፣ አንድም ሳይቀር።
እንደ እምቦጭ ነው ብዬ ነበር፤ ቢነቅሉት፣
ከሥሩ ውሃ ይታያል። ምንም የለበት።

ደብተሬን ይዤ ወረድኩ ወደ ዳርቻው፤
መረብ የሚጠግን ሽማግሌ፣ እግሩ ከውሃው።
«አባቴ፣ ስምዎ ማን ነው?»
                    «አምና ተመዝግቤ የለ እንዴ?»
«ጠፋብኝ።»
ቀና ብሎ አየኝ፣ ክሩን በጥርሱ እንደያዘ።
«አትርሳው» አለ።
ስሙ መሆኑን እስካውቅ ትንሽ ቆየሁ።

ቀጥላ ፀዳሉ መጣች፣ ዓሣ የምትበልት፣
ቅርፊት የተጣበቀበት እጇን በሽርጧ እየጠረገች፦
«በፀሐዩ ፀ ነው፤ እንዳትሳሳት።»
አጠገቧ ያለችው ጸዳሉ ደግሞ በጸሎቱ።
ለጆሮዬ አንድ ናቸው።
ሠንጠረዡ ሁለት ይላል፤ ዛሬስ እሱ ልክ ነው፣
አላርመውም።

ማምሻውን፣ አዞሪት ውሃው ጠቁሮ የጀልባ መብራት ሲበራ፣
አንድ በአንድ ጻፍኩ፦ አ፣ ት፣ ር፣ ሳ፣ ው።
ገጹን ዘጋሁ፤ ፈራሁ፤ መልሼ ከፈትኩ።
አለ።

መቶ ሠላሳ ሰባት ረድፍ ይቀረኛል፤
ነገ፣ ታንኳ ሳይወጣ።