ላት እና ባት

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ዘምባባው ጥላ በሚጥልበት፣
ታይፔን በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ጃንጥላ በዘረጋሁበት፣
የሰው ጠብ ነው እንጀራዬ። በገጽ ነው የማስከፍለው፤
እንባ በነጻ ነው፣ አልቆጥረውም፤ ካርቦን ግን ዋጋ አለው።

ማክሰኞ ምንይችል መጣ። እጁ አሁንም ቤንዚን ይሸታል፤
ጀልባው ከቆመ ዓመት አልፎት፣ ሽታው ብቻ ተርፎታል።
«ጻፍልኝ፣» አለ። «ስንፋታ፣ ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቼ፣
በወር አራት ሺህ ልቆርጥላት፣ ወድጄ ፈርሜ ወጥቼ።
ያኔ ዘጌ ደርሶ መልስ፣ በቀን ሦስቴ ጭኜ፣
ፈረንጁ ተሰልፎ፣ እኔም ባለ ሞተር ሆኜ!
አሁን ማን ይምጣ? መንገዱም፣ ዘመኑም እንግዳ አይጠራ፤
ብወጣም እምቦጩ ነው የሚይዘኝ፣ ግብግብ ከእሱ ጋራ።
ጀልባዬ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ፣ ዳር ላይ ተገልብጣለች፤
የጎረቤት ዶሮ ከሥሯ ገብታ እንቁላል ጥላለች።»

ጻፍኩ። ሕጉ ለዚህ ቃል አለው፦ «የሁኔታዎች መለወጥ»።
ንጹሕ ሐረግ ነው፤ ቤንዚን አይሸት፣ እንደ ጀልባ አይገለበጥ።

በሳምንቱ እሷ መጣች፣ ጥሩዓለም፣ መጥሪያውን አራት አጥፋ።
«ይቺ እግሯ የተሰበረ ‹ረ› ያንተ ታይፕ ናት፤ ነገር አታስፋ።»
አልካድኩም። ወንበር ሰጠኋት።
ያኔ፣ ከእሱ ስትፈታ፣
የሰው ልብስ ታጥብ ነበር፣ ሽምብጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ።
ዛሬ ዓሣ ተራው ጫፍ ላይ ማቀዝቀዣ አላት፣ ሚዛን አላት፤
ቆረሶ ገፍፋ፣ ፊሌቶ አውጥታ፣ ሦስት ሆቴል ነው የሚያዛት።

«ስማ፣ ሄጄ አየሁት፤ ሳያየኝ፣ ከደንገሉ ጀርባ ሆኜ።
ውሸቱን ነው ብዬ ነበር፤ ላጋልጠው ቆርጬ፣ በልቤ ኮንኜ።
ጀልባው ተገልብጧል። ዶሮዋም አለች። እሱ በደንገል ታንኳ፣
በተዋሰው መረብ ይጎትታል፤ አላወጣም አንዲት ዓሣ እንኳ።
ጉትቻዬ እዚያ ሞተር ውስጥ ነው፣ ሸጬ ነው የገዛንለት፤
አራት ሺውን የዚያ ወለድ ብዬ ነበር የተቀበልኩለት።
አሁን ሁለት ሺህ ይበቃኛል። ጻፍ፣ ተስማምቻለሁ።
አዘንኩለት ብለህ ግን እንዳትጽፍ፤ ብትጽፍ እቀደዋለሁ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»
«ለቃል አይደል እንዴ የምከፍልህ?»

ፈለግኩ። ሕጉ ለመጨመር ቃል አለው፣ ለመቀነስ፣ ለማቋረጥ፤
ከደንገል ጀርባ ቆሞ ላየ ዓይን ግን አንቀጽ የለው፣ ብገላብጥ ብገላብጥ።
ዝም ብዬ መምታት ጀመርኩ፤
«ቀለብ ቆረጠላት» ልል «ቆረጠባት» ብዬ መታሁ።
አንዲት ፊደል። ላት ካለ ሰጣት፣ ባት ካለ ነሳት። ደንግጬ ወረቀቱን አወጣሁ።
አየችው። ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ መሐል ላይ ቆመ።
«እኛም የተፋታነው በዚችው ነው፣» አለች።

ነጭ ቀለም ቀባሁበት። ሲደርቅ «ላ»ን ከላይ መታሁ።
ወደ ፀሐይ ላነሳው ሰው፣ «ባ»ዋ ከሥር ትታያለች።

ፈረመች። ቦርሳዋን ከፈተች።
«የእሱን ስንት አስከፈልከው?»
«ሰማኒያ ብር። በዱቤ።»
«ያኔም ሰማኒያው በዱቤ ነበር፣» አለች፤
ዓሣ ዓሣ የሚሸት ብር፣ መቶ ስልሳ ቆጥራ፣
ታይፑ ሥር ወሸቀችልኝ።

«ይሄንንም እንዳትጽፍ።»